ሙቅ ውሃ የጠፋበት ሰኞ

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ልጇ ታያ ገንዳ ውስጥ ልትወልድ ማሰቧን የሰማችው ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ድንች ስትልጥ ነው። ቢላዋው ከእጇ አልወደቀም። ዕድሜዋን ሙሉ በሞስኮ የትራም ጣቢያ ማይክሮፎን ጨብጣ ሾፌር ስታርበደብድ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት በአንድ ወሬ ቢላዋ አትጥልም። ድንቹን ልጣ ጨረሰች፣ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከዚያ ቀና አለች።

«የትኛው ገንዳ?»

«ስንት ገንዳ አለን እማ? ይኸው የኛው ነዋ» አለች ታያ።

«ለአዲስ ዓመት ዓሣ ገዝተን ከነነፍሱ የምናቆይበት?»

«ዓሣውኮ ተመችቶት ነበር» አለ የታያ ባል ቬንያ።

«ዓሣውን መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረግነው ታስታውሳለህ አይደል?»

ቬንያ አስታወሰ። የጠበሰው እሱ ነበር።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሁለቱ ከመከሩበት ቆይተዋል። ሐኪም አይኖርም፣ አዋላጅም አይኖርም። ገንዳው በሙቅ ውሃ ይሞላል፣ ታያ ትገባለች፣ ቬንያ አጠገቧ ይሆናል፣ ልጁ ከውሃ ወደ ውሃ ይመጣል፤ አለቀ። ክላቭዲያ ቲኾኖቭናስ? እሷማ ምጡ እንደጀመረ ባቡር ተሳፍራ ከከተማ ውጭ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሲያበቃ ይደወልላታል። ይህን የነገሯት በብዙ ትሕትና ነው። «እርስዎ እንዳይጨነቁ ብለን ነው» አላት ቬንያ። ሰው ከገዛ ቤቱ፣ ያውም የልጅ ልጁ በሚወለድበት ቀን፣ በትሕትና ሲባረር እንዲህ ነው።

ይህን ጉድ ከየት አመጣችሁት ብላ ብትጠይቅ፣ ሐሙስ ሐሙስ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት መዋኛ ወደሚሰበሰቡ ሰዎች ይዘዋት ሄዱ። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰውዬ ቆሞ ያስተምራል። ሰው ከውሃ መጥቶ ውሃን ረሳ ይላል። የሰው ልጅ ፍርሃት ሁሉ የመጣው ደረቅ መሬት ላይ በመወለዱ ነው ይላል። ዶልፊን ያለ ሐኪም ባሕር ውስጥ እንደምትወልድና ልጇም በደስታ እየዘለለ እንደሚወጣ ሲናገር ክላቭዲያ ቲኾኖቭና እጇን አወጣች።

«ዶልፊን ባሕር ውስጥ የምትወልደው ማዋለጃ ቤት ስለሌላት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ቤቷ እንድታርፍ ተወሰነ።

እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር። ታያ አንድ ልጇ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሰው የላትም። ውሃ ውስጥ ደም ቢፈስ፣ ልጁ ቢታፈን፣ ታያ ራሷን ብትስት ማን ይደርሳል? ጢማሙ ሰውዬ ለሌሎች ስለ ዶልፊን ማውራቱን ይቀጥላል፤ የምትቀብረው እሷ ናት። ቬንያ ደግሞ ደግ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም፣ ግን አምፖል ሲቀይር እንኳ ወንበሩን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብላ ለታያ በጆሮዋ ነገረቻት። ታያም ሆዷን ይዛ ሳቀችና «እንግዲያ እኔ አህያ ነኛ» አለቻት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

ቀጥሎ ጨው መጣ። የምጡ ውሃ እንደ ባሕር መሆን አለበት ተባለና ቬንያ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ጨው ተሸክሞ ይገባ ጀመር። የሕንፃው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር የማይነሱት አሮጊቶች አዩት። መሐንዲስ ነው፣ የሚሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ያለ ነገር ጨው አያከማችም። በማግስቱ የጨው ሰልፍ ከሱቁ በር ተነሥቶ ትራም ማቆሚያው ድረስ ተዘረጋ። ጦርነት ነው ያለም ነበረ፣ ዋጋ ሊጨምር ነው ያለም ነበረ። ጨው ከሱቅ አለቀና ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ አልጫ ሾርባ ጠጣ። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ደግሞ ቤቷ በጨው ተሞልቶ ሳለ፣ እንዳያሙኝ ብላ ሰልፉ ውስጥ ቆመች። ስለ ጦርነቱ የሰማሽው አለ ወይ ሲሏት «እኔ ምን አውቄ» ከማለት ሌላ ምን ትበል? ልጄ ገንዳ ውስጥ ልትወልድ ነው አይባል ነገር።

ቤት ስትገባ ግን አፏን አትይዝም። ሴት ሁሉ ማዋለጃ ቤት ወልዳለች፣ እኔስ አንቺን እዚያ ወልጄ ምን ሆንኩ ትላለች። እዚህ ላይ ሲደርስ ታያ ሁልጊዜ ዝም ትላለች።

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ስለዚያ ማዋለጃ ቤት አንድ የታወቀች ጨዋታ አላት። በየዓመቱ በታያ ልደት፣ እንግዶች ብርጭቆ ካነሱ በኋላ ታወራታለች፤ ብትረሳ እንኳ «ያቺን አውሪልን» ይሏታል። እንደወለደች ልጇን ሳታይ ወሰዱባት። ከቀናት በኋላ ነርሷ እንደ ዳቦ ተጠቅልለው የተደረደሩ ሕፃናት በጋሪ እየገፋች መጣችና አንዱን አንሥታ «እንቺ፣ ያንቺ ይኸው» አለቻት። «ያንቺ ነው ካሉ ያንቺ ነው፤ ምን ትያለሽ?» ትላለች ክላቭዲያ ቲኾኖቭና። «እኛ ትራም ጣቢያ የተረሳ ዣንጥላ ስናስረክብ እንኳ ምልክቱን ንገሩን እንላለን። እኔ እስከ ዛሬ የራሴን ይስጡኝ የጎረቤቴን አላወቅሁም።» እንግዳው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ታያም ትስቃለች።

ሰኔ ገባ። ሰኔ ሲገባ በየሕንፃው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ቧንቧ ስለሚፈተሽ ሙቅ ውሃ ይቋረጣል፣ ቀዝቃዛው ይቀጥላል። ያ ማስታወቂያ እንደ ክረምት ዝናብ የተለመደ ስለሆነ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ታያ ያን ሆድ ይዛ ደረጃ ስትወጣ የምታስበው ስለሚቀጥለው ደረጃ ብቻ ነው፤ ቬንያም ዓይኑን ከመጽሐፍ ነቅሎ በር አያይም። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ግን ዳቦ ገዝታ ስትመለስ አየችው። መነጽሯን አውጥታ ደግማ አየችው። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ይላል። ታያ የምትወልደው ያን ሰሞን ነው።

ልቧ በደስታ ዘለለ። እሷ ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ ያልሆነላትን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በመፍቻ ሊያደርግላት ነው። ገንዳ ያለ ሙቅ ውሃ ምን ይሆናል? ተራ የብረት ዕቃ ይሆናል። ታያም እንደ ሰው ልጅ ማዋለጃ ቤት ሄዳ፣ ነጭ ለባሾች ከበዋት ትወልዳለች። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ዳቦዋን ታቅፋ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ስለ አየሩ አወራች፣ ስለ ጎረቤት ድመት አወራች፣ ስለ ውሃ ትንፍሽ አላለች። ያን ሳምንት ለቬንያ እንኳ እጅግ ደግ ሆነችለት።

ምጡ የጀመረው ሰኞ ጧት ቁርስ ላይ ነው። ታያ የሻይ ኩባያዋን አስቀምጣ ጠረጴዛውን ያዘች። ቬንያ ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ብድግ አለና ወደ ጓዳ ገብቶ ተመለሰ። ሲመለስ የዋና ቁምጣ ለብሷል፣ ራሱ ላይ የጎማ ቆብ አጥልቋል። ጢማሙ ሰውዬ እንዲህ አድርግ ብሎት ነው።

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና እህቷ ዘንድ የምትሄድበትን ቦርሳ አንሥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የምትሄድ ሰው መምሰል አለባት። የጫማዋን ክር አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ጆሮዋ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ነው።

ቬንያ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው ሳለ፤ ዝገት የመሰለ ነገር ተፋ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጸጥ አለ። ቬንያ ዘግቶ ከፈተው። ሮጦ የወጥ ቤቱን ሞከረ። ተመልሶ መጥቶ የገንዳውን እንደገና ሞከረ።

«ሙቅ ውሃ የለም» አለ። ድምፁ የሕፃን ልጅ ሆኖ ነበር።

«አይ እንግዲህ» አለች ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ቦርሳዋን እንደያዘች ብቅ ብላ። ያዘነች ለመምሰል የቻለችውን ያህል ጣረች። «ምን ይደረጋል፤ የሰው ሐሳብ ሌላ፣ የቧንቧ ሐሳብ ሌላ። በሉ ታክሲ ልጥራ።»

ታያ ባዶው ገንዳ ውስጥ ከነሌሊት ልብሷ ገብታ ተቀምጣለች። አልሄድም አለች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ቢሆን እወልዳለሁ፣ ወለል ላይም እወልዳለሁ፣ ደረጃ ላይም እወልዳለሁ፣ እዚያ ግን አልሄድም። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና መጀመሪያ በልምምጥ ሞከረች፤ ቀጥሎ የትራም ጣቢያውን ድምፅ አወጣች። ያ ድምፅ ስንቱን ሾፌር ያስለቀሰ ነው፤ ታያን ግን ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቃትም።

«ምን አድርገውሽ ነው እንዲህ የምትጠያቸው?» አለች እናቲቱ በመጨረሻ። «እኔ እዚያ አልወለድኩም?»

ታያ የመጣው ምጥ እስኪያልፍ ድረስ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ጠበቀች።

«ወልደሻል» አለች። «ማንን እንደወለድሽ ግን አታውቂም። በየልደቴ ለሰው ሁሉ ትናገሪዋለሽ።»

«ውይ ታያ። እሱማ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እስቃለሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ፊት ቆሜ ያንቺን አፍንጫ እፈልጋለሁ። ወንበር ላይ ካልወጣሁ መስታወቱ ጋ በማልደርስበት ዕድሜዬ ነው የጀመርኩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የኔ ልጅ መስታወት ፊት እንዲቆም አልፈልግም እማ። ከኔ ሲወጣ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። በመሀላችን ጋሪ የምትገፋ ሴትዮ አትገባም። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ሌላ ሌላው የቬንያ ዶልፊን ነው።»



ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ያቺን ጨዋታ በተናገረች ቁጥር የሚስቀውን እንግዳ ስታይ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ የልጅቷን ፊት አላየችም። ደግሞም ጨዋታዋ ውስጥ ያላስገባችው ነገር አለ። እነዚያን ቀኖች ጡቷ ወተት አግቶ፣ ልብሷ ርሶ፣ ልጄን አሳዩኝ እያለች ስታለቅስ ነው ያሳለፈችው። ነርሷም «እዚህ ገበያ አይደለም» ብላ ተቆጥታታለች። ለባሏ ልትነግረው ሞክራ ዕንባዋ እየቀደመ አልሆነላትም። እያሳቀች ስትነግረው ብቻ ነው መጨረስ የቻለችው። ይህን ሁሉ አሁን ለታያ ብትነግራት በወደደች፤ ታያ ግን የሚቀጥለው ምጥ መጥቶባት ዓይኗን ጨፍናለች። እናቲቱ ማስታወቂያው ሲታወሳት ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ቬንያ» አለች፤ «ያን ቆብ አውልቅና ቤት ያለውን ድስት ሁሉ ጣድ።»

በሩን ከፍታ ወጣች። መጀመሪያ የሄደችው አምስተኛ ፎቅ፣ ፒያኖ ከምታስተምረው ፋይና ማርኮቭና ዘንድ ነው። ተማሪ ይዛ አንድ ዜማ እየደጋገመች ነበር። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና የሞላ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ፈልጌ ነበር አለች፤ ድስትም ካለ አይጠላም። ምን ሊያደርግልዎት ነው ስትባል ምንጣፍ ላጥብ ነው አለች። ፋይና ማርኮቭና የተማረች ሴት ናት፣ ሰው አትጫንም፤ ውሃውን ጣደችላት። ግን ሙቅ ውሃ በጠፋበት ቀን ምንጣፍ ማጠብ የሚያምረው ሰው ጤናው ምን ያህል ነው ብላ ሳትጨነቅ አልቀረችም።

ችግሩ ማንቆርቆሪያ ገንዳ አይሞላም። ቬንያ ታያን ከገንዳው አውጥቶ ቤት ያለውን ሁሉ አፍልቶ ሲደፋው የገንዳውን ወለል እንኳ በቅጡ አልሸፈነም፤ ሁለተኛው ዙር እስኪፈላ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና አሰበችና ምድር ቤት ወረደች። ያ ዘመን መንግሥት በመጠጥ ላይ የተነሣበት፣ ለቮድካ የሚቆመው ሰልፍ ሕንፃ የሚዞርበት ዘመን ነው። ምድር ቤት የሚኖረው ዛኻር ግን ሰልፍ ላይ ታይቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜም ሞቅ ብሎት ነው የሚውለው። ሕንፃው በሙሉ ምክንያቱን፣ ቤቱ ከስኳር አረቄ እንደሚያወጣ፣ ያውቃል፤ ሕንፃው በሙሉ ዝም ይላል። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና በሩን ስትደበድብ ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳና ሲደበቅ ተሰማ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ክላቭዲያ። ያን ትልቁን የብረት የወተት ጋንህን ፈልጌ ነው።»

«የምን ጋን? ጋን የለኝም።»

«ስኳር የምታፈላበትን።»

«ስኳር ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ዛኻር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታያ ምጥ ይዟታል። ሙቅ ውሃ የለንም።»

የበሩ ሰንሰለት ሁሉ ባንድ ጊዜ ተፈታ። ዛኻር በካናቴራ ብቅ አለ፤ ከኋላው ምድጃው ላይ አንድ ሕፃን ቆሞ የሚታጠብበት የሚያህል ጋን ተጥዷል። ለምን ማዋለጃ ቤት አትሄድም ብሎ አልጠየቃት። የሰው ነገር የሚያጣራ ሰው ሳይሆን የቀረው በብዙ ምክንያት ነው። ጋኑን አጠበው፣ ውሃ ሞላው፤ ሲፈላም በጨርቅ ይዞ እያቃሰተ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ራሱ ተሸከመው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከክላቭዲያ ቲኾኖቭና እጅ ወጣ። ደረጃው ላይ የሚተንን ጋን ያየ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳማ ታርዶ ጠጉሩ በፈላ ውሃ ሊገፈፍ ነው ተባለ። በሩ ላይ ያሉት አሮጊቶች ጨውን ከሙቅ ውሃ ጋር ደምረው መሐንዲሱ ኪያር ሊዘፈዝፍ ነው አሉ፤ አንድ ገንዳ ሙሉ ኪያር የሚዘፈዝፍ መሐንዲስ ደግሞ የሚያውቀው ነገር አለና ስለ ጦርነቱ ያላቸው ጥርጣሬ ባሰ። በመጨረሻ እውነቱን የነገራቸው ዛኻር ነው፤ ያን ቀን እንደ አጋጣሚ አልጠጣም ነበር። ወዲያው ሕንፃው በሙሉ ድስት ጣደ።

ማንቆርቆሪያና ድስት ከላይም ከታችም ይመጣ ጀመርና ጠባቡ ደረጃ ላይ ተጨናነቀ። የፈላ ውሃ የያዘ ሰው ሌላ የፈላ ውሃ የያዘ ሰው ማሳለፍ አልቻለም። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና እንግዲህ ዕድሜዋን የፈጀችበትን ሥራ አገኘች። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ አናት ላይ ቆማ «አምስተኛ ፎቅ፣ ባለሽበት ቁሚ፤ ምድር ቤት ይለፍ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ባዶውን ይዘህ በግራ ውረድ» ትል ጀመር። ፋይና ማርኮቭና ከነተማሪዋ ትእዛዝ ተቀብላ ቆመች።

ቬንያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በቴርሞሜትሩ ላይ ተደፍቷል። ፈጀ ይላል፤ ቀዝቃዛ ይለቃል። በረደ ይላል፤ አምጡ ይላል። ውሃው ወገብ ድረስ ሲደርስ ታያ ገባችና ተንፈስ አለች። ቀጥሎ አፍንጫዋን ነፋች።

«ምንድን ነው እርሾ እርሾ የሚሸተው?» አለች።

«የዛኻር ጋን ነው» አለ ቬንያ። «ጨው ልጨምርበት?»

«ልጁ ሰክሮ እንዳይወጣ ጨምርበት» አለች ታያ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዲህ ስትቀልድ ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ከበሩ ጀርባ ሰምታ ዕንባዋ መጣ።

ከበሩ አልፋ ግን አልገባችም። አልተጠራችም። ውሃውን በበሩ ክፍተት ታቀብላለች፣ ባዶውን ትቀበላለች፤ የታያን ትከሻና የቬንያን ጀርባ ታያለች፣ በሩ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ውሃው ይበቃል ተባለና እሱም ቀረባት። ኮሪደሩ ውስጥ የጫማ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ታያ ስትጮህ ትነሣለች፣ ዝም ስትል ትቀመጣለች። የኮሙኒስት ፓርቲ መታወቂያዋን እስካሁን መሳቢያ ውስጥ የምታኖር ሴት፣ ማንም አለማየቱን አረጋግጣ አማተበች፤ ቀጥላ ደግሞ ማንም ቢያይ ምን አገባው ብላ በደንብ አማተበች።

ከዚያ ታያ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማች፣ ውሃው ተንቦራጨቀ፣ ሁሉም ጸጥ አለ።

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ጠበቀች። የሕፃን ድምፅ የለም። የቬንያ ድምፅም የለም። እጇ ወደ ስልኩ ሄደ። አምቡላንስ እንዳትጠሪ ብለው አስምለዋታል፣ እሷም ምላለች። መሐላውን አፈረሰችና ደወለች። አድራሻውን ስትጠየቅ ሕንፃውን፣ መግቢያውንና ፎቁን በዚያ በማይክሮፎን ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ በዚያኛው ጫፍ ያለችው ሴትዮ «እሺ እመቤቴ» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ስታስቀምጥ ከበሩ ኋላ አንድ ነገር አስነጠሰ። ከዚያ አለቀሰ። ቀጭን፣ የተናደደ ልቅሶ ነው።

«እማ» አለች ታያ። «ግቢ።»

ገባች። ታያ ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ናት፤ ውሃው ደም ለውሶት ቀላ ብሏል። ቬንያ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክኮ እንደ ልጅ ያለቅሳል፤ ያን ቆብ መቼ መልሶ እንዳጠለቀው እንጃ። ታያ ደረት ላይ አንዲት ቀይ፣ የተጨማደደች ልጅ ተኝታለች፤ እትብቷ ገና አልተቆረጠም፣ ከእናቷ ጋር እንደተያያዘች ናት። ማልቀሷን ትታ ዓይኗን ገልጣ የእናቷን ፊት ትመረምራለች። ታያም እሷን ትመረምራለች። ክላቭዲያ ቲኾኖቭና እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ የራሷንም አላሳዩዋትም። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አለች።

«ደግ አደረግሽ። ዝም ስትልብኝ ልቤ ቆሞ ነበር» አለች ታያ። «ጢማሙ ያስተማረን ሁሉ ጠፋኝ። ቬንያም ጠፋው።»

«ሌላም አለ።» ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ውሃ ውሃውን አየች። «ሙቅ ውሃ እንደሚቋረጥ አውቅ ነበር። ማስታወቂያውን አንብቤ ሆን ብዬ ዝም አልኳችሁ።»

ቬንያ ቀና አለ። ታያ ግን ሳቀች፤ ስትስቅ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አለች።

«እሱንማ ቧንቧው ሲስል ነው ያወቅሁት። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ የቧንቧ ሠራተኛውን ከነዘር ማንዘሩ ስትረግሚ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ አንድ ቃል አልወጣሽም። ይሄን ያህል ዘመን ልጅሽ ሆኜ ዝም ስትዪ ተንኮል እንዳለሽ አላውቅም?»

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና እጇን ውሃው ውስጥ አስገብታ የልጇን ጉልበት ያዘችና አለቀሰች፤ ቬንያም ገና አላበቃም ነበርና ሁለቱ አብረው አለቀሱ።

አምቡላንሱ ፈጥኖ መጣ። ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ከጧት ጀምሮ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የዋለች ሴት ናት። በየፎቁ ድስትና ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ሲያሳልፋት ግራ ገብቷት ደረሰች። መታጠቢያ ቤቱን አንድ ጊዜ አየችና ስንቱን እብድ አይቻለሁ በሚል ዓይን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ደንቡን ተናገረች። ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን ንጽሕናው አይታወቅምና ለብቻው ክፍል ይወሰዳል፤ እናቲቱ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች፤ ሲመረመሩ ይገናኛሉ። ሕፃኗን ለመቀበል ፎጣ ዘርግታ እጇን ሰደደች።

ታያ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እናቷን አየቻት።

ክላቭዲያ ቲኾኖቭና ተነሥታ በሁለቱ መሀል ቆመች። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው፣ እሷ ደግሞ ሰፊ ናት።

«እዚያው ደረቷ ላይ እንዳለች ታዳምጫታለሽ» አለች። «እትብቷን እናቷ እያየች ትቆርጫለሽ። ሁለቱንም መርምሪያቸው፣ የጠራሁሽ ለዚሁ ነው። ማዋለጃ ቤት መሄድ ካለባቸው ይሄዳሉ፤ ግን አብረው፣ ባንድ አልጋ። ልጅቷን ለብቻዋ ይዞ ከዚህ በር የሚወጣ የለም።»

ሐኪሟ ፎጣውን እንደዘረጋች ቆመች። ኮሪደሩ ውስጥ ዛኻርና ፋይና ማርኮቭና አንገታቸውን አስግገዋል።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» አለች ሐኪሟ።

«እናቷ ነኝ።»

ሐኪሟ የአሮጊቷን ፊት አየች፤ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ደግሞ ከገንዳው ውስጥ ያፈጠጠባትን የታያን ፊት አየች።

«እሱማ ያስታውቃል» አለችና ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ማዳመጫዋን አውጥታ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከች።